አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት

«ቮልስ ናት» አሉ አባቴ።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። እዚህ ሎስ አንጀለስ ከገበያ ወጥተን አስቤዛ ወደ መኪና እየጫንን ሳለ ከኋላችን አንድ ነገር እየተንተከተከ አለፈ። አባቴ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። እኔና ልጄ ግን አየነው። ቮልስ አይመስልም። በር የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ቀይ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ላይ አራት ትልልቅ ጎማ የገጠሙበት ነው የሚመስለው።

«አባባ፣ ቮልስ እኮ አይደለም። የባሕር ዳርቻ መጫወቻ ነው» አልኳቸው።

«አንተ የምታወራው ስለ ልብሷ ነው፤ እኔ የምልህ ድምፅዋን ነው» ብለው ከረጢቱን መጫን ቀጠሉ።

የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ቆየና «አባባ ልክ ነው» አለ። ከላይ ያለው ቀይ ነገር ፋይበርግላስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ወለልና ሞተር ግን የድሮ ቮልስዋገን ነው። አባቴ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን ካየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ወደዚህ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው አዲስ አበባ ብቻቸውን ከሚቀመጡ ብዬ ነው። ያን ቀን ከመጡ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። ያጎደልንባቸው ነገር አለ ብዬ አላስብም። እንጀራው አለ፤ ቡናው በየጠዋቱ ይፈላል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንወስዳቸዋለን፤ አልፎ አልፎም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ወደምትባለው ሰፈር ወጣ እንላለን። ዕቃ ሊያነሡ ሲሉ «አባባ፣ ይተዉት» እንላለን። ሳህን ሊያጥቡ ሲሉ «ኧረ ነውር ነው፣ ይቀመጡ»። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ «ሰው እንጠራለን፣ ይረፉ»።

እርሳቸውም ዐረፉ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው በመስኮት ሰው የማይታይበትን መንገድ ያያሉ። እሁድ እሁድ ማታ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፤ «መቼ ነው የምትመልሰኝ?» እኔም አንዴ «ሥራዬ ጋብ ይበል»፣ አንዴ «ብርዱ ይለፍ» እያልኩ አሳልፋታለሁ። ሎስ አንጀለስ ምን ብርድ አለና!

ከልጄ ጋር ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይገናኙም ነበር። የልጁ አማርኛ «ሰላም ነው»ና «እሺ» ላይ ነው የቆመው። የአባቴ እንግሊዝኛ ከዚያም ያነሰ ነው። ይሳሳማሉ፣ ከዚያ አንዱ ወደ ስልኩ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ።

አባቴ መካኒክ ናቸው። «ነበሩ» ማለት ይከብደኛል። በ1955 ዓ.ም. ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ አቀባይ ሆነው ጀመሩ፤ ከአርባ ዓመት በላይም ሠሩ። ሁሉንም ዓይነት መኪና ቢነኩም በሰፈራችን የሚታወቁት በቮልስ ነበር። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ይዘውኝ ሲዞሩ ያደግሁ ነኝ። መንዳት የተማርኩትም በእርሳቸው ነጭ ቮልስ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታው ከፊት፤ ራዲያተር የሌላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፤ ዳገት ላይ የማታሳፍር።

ያን ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ስለዚያች ቀይ መኪና ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ካሊፎርኒያ ነው። ብሩስ ሜየርስ የሚባል የፋይበርግላስ ጀልባ የመሥራት ልምድ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የጀልባውን ዘዴ ለመኪና ተጠቀመበት። ፋይበርግላስ ማለት ከመስታወት ክርና ከሙጫ የሚሠራ፣ ቀላል፣ የማይዝግ ነገር ነው። ቮልስን ለዚህ የመረጣት ያለ ምክንያት አይደለም። የቮልስ አካል ከወለሏ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ብሎኖቹ ከተፈቱ አካሉ ብድግ ይላል፤ ወለሉ፣ ሞተሩ፣ መሪውና ጎማው ለብቻቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ሰው ያረጀች ቮልስ ይገዛል፣ አካሏን ይጥላል፣ ወለሏን 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ያሳጥርና መልሶ ይበይዳል፣ ከዚያ ተገዝቶ የመጣውን የፋይበርግላስ አካል በላዩ ያስራል። ተገጣጣሚ መኪና ማለት ይኸው ነው፤ በቤቱ ግቢ፣ ከልጁ ጋር፣ በገዛ እጁ የሚገጥማት።

ሜየርስ መኪናውን «ማንክስ» አላት። እ.ኤ.አ. በ1967 በሜክሲኮ በረሃ በተካሄደው የመጀመሪያው ታላቅ ውድድር አሸንፋ ስሟ ናኘ። እርሱ የሠራቸው ከአምስት ሺህ በላይ ናቸው ይባላል፤ ሌሎች እያስመሰሉ የሠሯቸው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። ዋናዋ ማንክስ ዛሬ ውድ ናት። ቅጂዎቹ ግን እንደ እኔ ያለ ሰው ኪስ ይደርሱባቸዋል።

ለባለቤቴ ሳማክራት ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። «ለአባትህ ነው ለአንተ?» አለች። ለሁለታችንም፣ ለልጁም ነው አልኳት። ሦስት ቃል አስገባችኝ፤ ከሰባት ሺህ ዶላር እንዳላልፍ፣ ቢገለበጥ ራስ የሚከላከል የብረት ቀስትና የደህና ቀበቶ እንዲኖራት፣ ልጁም ያለ ቀበቶ እንዳይቀመጥባት። ሦስቱንም ተቀበልኩ።

ፍለጋው ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። በየቅዳሜው ሦስታችን እንወጣለን፤ እኔ እነዳለሁ፣ ልጄ አድራሻ ያሳያል፣ አባቴ ከኋላ የእጅ ባትሪና አሮጌ ምንጣፍ ይዘው ይቀመጣሉ።

የመጀመሪያዋ ብርቱካናማ ነበረች፤ ስትታይ ዓይን ታበራለች። ሻጩ 14,000 ዶላር አለ፤ ለመደራደር ሳይሆን ለመማር ነው የሄድነው። አባቴ ቀለሟን አላዩም። ምንጣፏን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ። ባለቤቱ ደነገጠ፤ እኔም «አባባ፣ ኧረ ተው፣ ልብስዎ» እያልኩ ዞርኩ። ከሥር ሆነው ልጁን ጠሩትና ባትሪውን አበሩለት። ወለሉ ተቆርጦ የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

«ይህቺ መንገድ ላይ ለሁለት ትከፈላለች» አሉ። ልጁ አልገባውም፤ በእጃቸው እንጨት እንደሚሰብር ሰው አሳዩት። ገባው። ወደ ቤት ስንመለስ ያን ምልክት እርስ በርስ እያሳዩ ሲስቁ በመስታወት አየኋቸው።

ሁለተኛዋ ሰማያዊ፣ ዋጋዋም ልከኛ ነበረች። አባቴ ሞተሯ ከመነሣቱ በፊት የፊተኛውን ፋይበርግላስ በሳንቲም ጠቅ ጠቅ እያደረጉ አዳመጡ፤ ደህና ከሆነ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ ከተላቀቀ ግን እንደ ባዶ ቅል ነው። አንድ ቦታ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ቢኖርም «ይህ ቆዳ ነው፣ አጥንት አይደለም» ብለው አለፉት። ከዚያ «ሊብሬዋን አምጣ» አሉ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በወለሉ መካከል እንደ ቦይ በሚሄደው ብረት ላይ ተቀርጿል። ልጁ ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ እኔ ከወረቀቱ አስተያያለሁ። አልገጠመም። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ይስተካከላል» አለ። ተረጎምኩላቸው።

«ቁጥሯ ካልገጠመ የሰው በሬ ናት፤ ነድተህ እንዳትገባ» አሉኝ።

ሦስተኛዋን ያገኘናት ከከተማው ወጣ ባለ ሰፈር፣ በአንድ ሜክሲኳዊ አዛውንት ጓሮ ነው። ቀለሟ አንድ ጊዜ አረንጓዴ የነበረ፣ አሁን ምን እንደሆነ የማይታወቅ። መቀመጫዎቿ ተቀዳደዋል፤ ፍሬኗ አይዝም። ግን ወረቀቷ ንጹሕ፣ ቁጥሯም ልክ፣ የወለሉ ብየዳ ደግሞ አባቴ ጣታቸውን እየሮጡበት ራሳቸውን የነቀነቁለት ነበር። የብረት ቀስቷም በቦታው አለ። ወለሉ የ1965 ሥሪት ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ የ1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪኖችን የጭስ ምርመራ አታስገድድም። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

አባቴ ወደ ሞተሩ ሄደው ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ኋላና ወደ ፊት ሳቡት፣ ገፉት። ሜክሲኳዊው ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። የቮልስ ሞተር የውስጥ ድካም የሚታወቀው በዚያ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ሞተሩ ውስጡ ተበልቷል። ሰውዬው ቀረብ ብሎ ራሱም ሳበው። ቀጭ አላለም። ለካ እርሱም አገሩ ሳለ የዚህችው መኪና መካኒክ ነበር። በሜክሲኮ «ቮቾ» ይሏታል፤ በዓለም ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ከተሠሩት የመጨረሻዋ የወጣችውም እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚያው ከሜክሲኮ ነው።

ከዚህ በኋላ እኔን የፈለገኝ የለም። አባቴ የጋራዥ ቃሎቻቸው ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ የሰውዬው ደግሞ ስፓኒሽ ነው። «ካርቡራቶር» ይላሉ አንዱ፣ «ካርቡራዶር» ይላል ሌላው። «ፍሬን» «ፍሬኖ»። «ሞተር» «ሞቶር»። «ጎማ» ላይ ሲደርሱ ቃሉ አንድ ሆኖ ተገኘና ተሳሳቁ። ሰባት ሺህ ተኩል ብሎ የነበረው ሰውዬ፣ አባቴ ባዶውን የፍሬን ዘይት ዕቃ ብቻ ከፍተው ሲያሳዩት እጁን ዘረጋ፤ በ6,800 ዶላር ተጨባበጡ። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የገዟት ግን እርሳቸው ናቸው።

መኪናዋ በተጎታች መጥታ ጋራዣችን ገባች። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ልጄ ቀጥታ ወደዚያ ነው። በፊት «ስልኩን አስቀምጥ» እያልን የምንጨቃጨቅበት ሰዓት ላይ አሁን እጁ በቅባት ስለሚቆሽሽ ስልኩን ራሱ ያርቀዋል። መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮን፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዶች። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፤ ልጄ አማርኛን በጋራዥ በር በኩል ገባበት። ጣሊያኖች የተዉልን ቃላት መሆናቸውን ስነግረው «ታዲያ አማርኛው የታለ?» ብሎ አሳቀኝ።

አንድ ቀን አያቱን «አንተ፣ ክሪኩን ስጠኝ» ሲላቸው ሰማሁና ገሠጽኩት። አባቴ ተቆጡኝ። «ተወው፤ ጋራዥ ውስጥ አንቱታ የለም» አሉ።

የቮልስ ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። የሚተኩሱት ግን በተራ ቁጥራቸው አይደለም፤ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው። የካንዴላው ገመድ በዚህ ቅደም ተከተል ካልገባ ሞተሩ ይንፈራገጣል እንጂ አይነሣም። ልጄ በአማርኛ የሚቆጥረው ከአንድ ጀምሮ በተርታ ብቻ ነበርና ይህን ለመያዝ ተቸገረ። አባቴ በጉልበታቸው ላይ እየመቱ እንደ ከበሮ አስጠኑት። ማታ ራት ላይ ሳይቀር «አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል።

አሁን የምጽፈው ያፈርኩበትን ነው። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ሁለት እግር ብቻ ከመኪናው ሥር ወጥቶ አየሁ። የአባቴ ጫማ ነው። መኪናዋ በብረት ድጋፍ ላይ በደንብ ቆማለች፤ ልጁም አጠገባቸው አለ። እኔ ግን ደነገጥኩ። «ለምን አስገባሃቸው? ቢወድቅባቸውስ?» ብዬ ልጁ ላይ ጮኽኩ። አባቴን ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸውና መፍቻውን ከእጃቸው ወሰድኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ቁጭ ብለው ብቻ ያሳዩት። ይረፉ።»

ምንም አላሉም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡ፣ ገቡ። ረቡዕ ወደ ጋራዡ አልሄዱም። ሐሙስም አልሄዱም። ሶፋው ላይ ተመልሰው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ልጄም ከክፍሉ አልወጣም።

ሐሙስ ማታ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ የምትወደኝ መሆንህን አውቃለሁ» አሉ። «ግን ከመጣሁ ጀምሮ የያዝኩትን ሁሉ ከእጄ ትቀበለኛለህ። ሳህኑን ተቀበልከኝ። ቧንቧውን ተቀበልከኝ። አሁን መፍቻውን። እናትህ ከሞተች በኋላ ለማን ምን እንደማደርግ ጠፍቶብኝ ነበር። ይሄ ልጅ 'አባባ፣ ይሄስ?' ሲለኝ ነው የተመለስኩት።»

የምመልሰው አጣሁ። አባቴን እያከበርኩ መስሎኝ ነበር። አገር ቤት ሳለን ሽማግሌ ሲነሣ እንነሣለን፣ ሲሸከም እንቀበላለን፤ ያደግንበት ነው፣ ደስም ይላል። ግን እዚያ አባቴ ከእጃቸው ዕቃ ቢቀበሏቸው ዕድር አለ፣ የሚያስታርቁት ጎረቤት አለ፣ «ጋሼ፣ ይህቺን ድምፅ ስማልኝ» የሚል ባለመኪና አለ። እዚህ ከእኛ በቀር ማንም የላቸውም። እኛ «ይረፉ» ስንላቸው «አያስፈልጉም» ማለታችን ነበር።

መፍቻውን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ደግሞም እሁድ ማታ የሚጠይቁኝን ጥያቄ ሳይጠይቁኝ እኔ ጠየቅኳቸው፤ «መቼ መሄድ ይፈልጋሉ?»

ለእናቴ ሙት ዓመት መድረስ እፈልጋለሁ አሉ። መቃብሯ ላይ መቆም ይፈልጋሉ። ይህን ለወራት ሲጠይቁኝ የሰማሁት «አልተመቸኝም» እንዳሉ አድርጌ ነበር።

ሞተሩ የተነሣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ጠፋ፤ ሁለተኛ ጊዜ ያዘ። ያ መንተክተክ ጋራዡን ሲሞላው ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጣች፣ ጎረቤቶች ብቅ አሉ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ልጁን ቀበቶ አሳስረው፣ እኔ ይዤ፣ እርሳቸው ከኋላ ሆነው በሰፈሩ ዙሪያ በዝግታ ዞርን። ነፋሱ ኮፍያቸውን ወሰደው፤ ልናቆም ስንል «ተወው፣ ንዳ!» አሉ።

አባቴ ለሙት ዓመቱ ደረሱ። የመመለሻ ቲኬታቸው ክፍት ነው፤ ቀኑን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሶፋው ላይ የሚቀመጥ የለም። ግን ከበፊቱ የበለጠ ቅርብ ሆነውልኛል ብል ማጋነን አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ መንፈራገጥ ጀመረች። እዚያ ምሽት ነው። ልጄ ደወለላቸውና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋው።

«አንዱ አልተኮሰም» አሉ ከአዲስ አበባ። «የጎማ ጓንት አድርግ። የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ እያወጣህ አሰማኝ፤ መልሰህ እየሰካህ። በየትኛው ነው የምትጀምረው?»

«አንድ» አለ ልጄ። ገመዱን ሲያወጣ ሞተሩ ደከመ። «ደህና ነው፤ መልስ። ቀጥል።» «አራት።» ደከመ። «መልስ።» «ሦስት።» ድምፁ አልተለወጠም።

«እሷ ናት» አሉ።

ልጄ ሞተሩን አጥፍቶ አየው፤ ገመዱ ጫፉ ላይ ላልቷል። አጥብቆ አስነሣት። ስልኩን መልሶ አስጠጋው። አባቴ እስኪበቃቸው አዳመጡ።

«አባባ» አለ ልጄ፣ ከእኔ ምንም ትርጉም ሳይጠይቅ፣ «መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ፍሬኑን መልሰህ እየው» አሉት፤ «ስመጣ እኔ ነኝ የምነዳው።»